ስድስተኛው ብልቃጥ

ጉንቮር ብልቃጦቹን ደረደረች፣
ከጉድጓድ አሥራ አንድ የቀዳችውን በመርፌ እያከፋፈለች።
የሰሜን ባሕር የመድረኩን የብረት እግር ይደበድባል፤
ሻይዋ ቀዝቅዟል።

ቶርላይፍ ነበር፣ ጎረምሳ ሳለ፣ ቧንቧውን የከፈተው፣
ድፍድፉን ይግፋልን ብሎ ድንጋዩን ባሕር ያጠጣው።
ከውሃው ጋር የገባውን እንግዳ ማን አየው?
ብርሃን አይሻ፣ አየር አይሻ፣
ከባሕሩ ስንቅ ድኝ ድኙን እየለቀመ
እታች በጨለማው ጎጆ ቀለሰ፤ ወለደ፤ ከረመ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤
ይኸው ታፈሰ፤
የገማ እንቁላል ይሸታል፣ ብረት ይበላል።

አንደኛው ብልቃጥ ጠቆረ። ሦስተኛው። ዛሬ ስድስተኛው።
ቶርላይፍ በሩ ላይ አየሩን ሳብ አድርጎ፣
«ተመስገን፣ ሽታው ለቀቀን» አለ።

ሲብስ ነው ሽታው የሚጠፋው።
ምንም ሳትናገር ጭንብሉን አቀበለችው።