የሌሊት ተረኛ

መምህሩ ጤናን ሦስት ክብ አርጎ ሣለው፣
"አካል፣ አእምሮ፣ ማኅበር" እያለው።
ቀድቼ አጥንቼ ፈተና አለፍኩበት፤
ሻረውን ግን ዛሬ
የቱ ክብ ነው የማስተኛበት?

ከመተማ ሰሊጥ ካላዛር ይዞት ጎንደር መጣ፣
ጣፊያው ሆዱን ነፍቶት፣ ሸሚዙን በጥሶ ሊወጣ።
መርፌውን ወጋሁት፤ ሙቀቱን ለካሁ፤
ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ ቻርቱ ላይ ሞላሁ።

ያልሞላሁት አለ፦
ጥፍሩን መቁረጤ፣
ከሥሩ የቆላ ዋልካ ማውጣቴ፣
እግሩን ለብ ባለ ውሃ ማጠቤ፣
"ያጨድኩበት ሒሳብ እዚያው ቀረ" ሲል በቅዠት
"ኪስህ ውስጥ ነው፣ ዳብሰው" ብዬ መዋሸቴ።
ለዚህ መስመር የለም።

የማለዳው ባጃጅ ወደ አዘዞ ሲወርድ እያጓራ፣
ላቡ ቀዝቀዝ አለ፤ መስኮቱም ጠራ።
"እንዴት አደርህ?" አልኩት፣
አዳሩን ሳውቀው፣ አጠገቡ አድሬ።
ዓይኑን ገለጠና፣ ከንፈሩን አርሶ፣
"አንቺስ እንዴት አደርሽ?" አለኝ መልሶ።

ዘጠኝ ክረምት ሙሉ አልጋ ላልጋ ዞሬ፣
ይህን የጠየቀኝ አልነበረም እስከ ዛሬ።

ቻርቱን እንደገና ከፈትኩ፤
ጠርዙ ላይ፣ ባዶው ቦታ፣ በትንንሽ ፊደል ጻፍኩ፦
"ሕመምተኛው ዛሬ እንዴት አደርሽ አለኝ።"
ሰዓቱን ሞላሁ።
ፈረምኩ።