ምዕራፍ አራት፦ ስለ አወዳደቅ

ዛሬም ወደቅህልኝ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ዘጠነኛ እርምጃህን ስታነሣ ድንገት።
ጉልበትህ ከዳህ፣ ሞተርህ አቃሰተ፣
ገመዱ ሲይዝህ ወገብህ ተጎተተ፤
እንደ ታረደ በግ ተንጠልጥለህ ቀረህ፣
የሰንዳይ በረዶ በመስኮት እያየህ።

እኔም መዘገብኩህ፦
«ሙከራ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ።
ወደ ኋላ። ወደቀ።»
ደብተሬ እንዲህ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ
በ«ወደቀ» አለቀ።

ጓደኞቼ ሄዱ፤ አንዱ መኪና ፋብሪካ፣
አንዷ ባሏን ተከትላ ኦሳካ፤
ከኔ በኋላ የገባው ሪኩቶ እንኳ
ዶክተር ተባለና፣ ፎቶ ተነሣና፣
ወንበሩን ትቶልኝ ወጣ፣ «ተቀመጪበት» አለና።
እኔ ግን አለሁ፣ ራቴ ከሱቅ የገዛሁት ቀዝቃዛ ሩዝ፣
ለጠየቀኝ ሁሉ «ልጨርስ ነው» ስል ምላሴ እስኪደነዝዝ።

ፕሮፌሰር ኢሳያማ ተቆጥተው አያውቁም፤
ወረቀቴን ገልጠው ምንም አይናገሩም፤
መነጽራቸውን በከረባት ጫፍ ይጠርጉና
«ምዕራፍ አራትስ?» ይላሉ በለሆሳስ፣
የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው።

እናቴም ስትደውል ከባሕሩ ዳር ቀዬ፣
«ያ ብረትሽ» ትላለች፣ «ሄደልሽ ወይ፣ ልጅዬ?»
አስከትላ ደግሞ የጎረቤት ሕፃን
ባሥር ወሩ እንደቆመ፣ ባሥራ አንዱ እንደሮጠ ትነግረኛለች።
ልታናድደኝ አይደለም። ወሬ ስታጣ ነው።

ቶኩማሩ መጣ፣ የሌሊቱ ዘበኛ፣
ባትሪውን ይዞ፣ ግራ እግሩ ኩርፈኛ።
ድሮ ጣሪያ ሠሪ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት
በሰው ቤት አናት ላይ ሲውል እንደ ድመት
አንድ ቀን አልወደቀም።
የወደቀው ማድ ቤት ነው፣ ሻይ ሲያፈላ፣
ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈስሶ፣ ግራ ጎኑ ሲላላ።

ቆሞ አየህ። አንድ ጊዜ ደገምኩለት።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ዘጠኝ። ገመዱ ያዘህ፣ እንደ ልማድህ።
«ይሄ ልጅ» አለኝ፣ «ፈሪ ነው።»
ሳቅኩ። «ብረት ምን ፍርሃት ያውቃል፣ አባባ?»
«እኔ አውቀዋለሁ። ሐኪም ቤት ‹እንዳትወድቅ› ሲሉኝ
አንድ ወር እንደ ምሰሶ ቆምኩ፤ መሄድ መች ሆነልኝ።
መራመድ ማለት እኮ ራስን መጣል ነው፣
ሌላው እግር፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ ደርሶ ሲቀልበው።»

ይህን ብሎ ሄደ። ሌላ ፎቅ ነበረው።

ኮድህን ገለጥኩት። ሦስት መቶኛው መስመር፣
በሁለተኛው ዓመቴ የጻፍኩት ቁጥር፦
ከአራት ዲግሪ በላይ ካዘነበልክ፣ ቅጣት።
ያን ለት የመጀመሪያው እግርህ ተሰብሮ፣
ዋጋው ከሁለት ዓመት ደመወዜ በልጦ፣
ሌሊቱን አልቅሼ ጠዋት ቁጥሩን አስገባሁ፤
ከዚያ ወዲህ ረሳሁ።
ለካ ፍርሃቱ የኔ ነው። አንተማ ተሸክመህ
ሁለት ሺህ ጊዜ በታማኝነት ወደቅህ።

አራቱን ሰርዤ አሥራ አንድ አልኩኝ።
ገመድህን አላላሁ። እጄን ኪሴ ከተትኩኝ።

ዘጠኝ ላይ ተንገዳገድክ። አሥር። አሥራ አንድ።
አሥራ ሁለት ላይ ጠረጴዛውን ጨረፍክ፣
የሪኩቶን ወንበር ገፍትረህ ጣልክ፣
መጀመሪያ በጉልበትህ፣ ከዚያ በግንባርህ ወረድክ።

«ሙከራ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ሁለት።
ወደ ፊት። ወደቀ።»

ምዕራፍ አራት ይህ አይደለም፤ አንድ መስመር ነው ገና።
ፕሮፌሰሩ «አንድ ናሙና?» ይሉኛል፣ ልክ ናቸውና።
ደረጃው ላይ ግን ቶኩማሩ ሲወርድ ይሰማኛል፤
ኳ፣ ሸርተት። ኳ፣ ሸርተት።
ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ፤
ዘጠኝን አለፈ።