ቅጥያ

ሐምሌ ነው፤ የሱቄ ቆርቆሮ በዝናብ ይጮኻል፣
የመንገዱ ዘንባባ ራሱን እየነቀነቀ ውሃ ይረጫል።
መምህር ምንይችል ገቡ፣ ኮታቸው ረጥቦ፣
ላፕቶፑ ግን ደረቅ፣ በሴት ነጠላ ተከቦ።

«ልጄ፣ ይቺ ዕቃ» አሉኝ፣ «አንድ ገጽ ልክፈት ስላት
አሥር ትከፍታለች፤ እንጃ ማን እንዳዘዛት።
ጋዜጣ ላነብ ስገባ "ጫማ ግዛ" ትለኛለች፣
የጡረታዬን ነገር ስጠይቅ "ዕጣ ወጣልህ" ትላለች።»

ከፈትኩት። አሞሌ በአሞሌ ላይ ተደራርቦ፣
እንደ ሲራራ በቅሎ፤ ማንበቢያው ጠብቦ
የጣት ስፋት ቀርቶታል።
ቆጠርኩ። «ሃያ ሦስት ቅጥያ አለበት» አልኩ።
«ምን አልሽ?»
«ቅጥያ። አሳሹ ላይ ከውጭ የሚለጠፍ።»
ሳቁ። «እሱንማ ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ! ከፊት የሚሰለፍ፣
ከኋላ የሚንጠለጠል፣ ብቻውን መቆም የማይችል፣
ሲበዛ ግን ዋናው ግሥ የቱ እንደሆነ እስኪጠፋሽ የሚከልል።»

«ማን ጫነው?» አልኩ፣ ሁሉን እንደምጠይቀው።
ዝናቡን አዳመጡ። የነጠላውን ጥለት በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቆይተው፣

«አንጓች ናት» አሉ፣ «ነፍሷን ይማርና፣
"ልግባ ወይ?" ላላት ሁሉ "እሺ" ነው፣ ሳይጨርስ ገና።
ሻጭም ቢሆን፣ ለማኝም፣ ብድር ጠያቂም ቢመጣ
ከእሷ ደጅ ባዶ እጁን ማን ወጣ?
ይሄም ሣጥን ብቅ ብሎ "እሺ ወይስ ይቅር?" ሲላት
"ይቅር" ማለት እንግዳን በዝናብ ማባረር መሰላት።»

ጀመርኩ።
የቅናሽ ኩፖን ለቃሚ። አስወግድ።
ኮከብ ቆጣሪ። አስወግድ።
ፍለጋውን ጠልፎ ወደ ራሱ ገበያ የሚነዳ፣
ፊልም አወርዳለሁ ብሎ ገብቶ ቤተኛ የሆነ እንግዳ።
ማሽኑ በየተራው «እርግጠኛ ነዎት?» ይላል፣
የመምህር አገጭ በየተራው ዝቅ ይላል።

አጥፍቼ አስነሣሁት። አራቱ ተመልሰው ተቀምጠዋል!

«እምቦጭ!» አሉ መምህር፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።
«ከማኅበሩ ጋር ደምቢያ ሄደን፣ እስከ ደረት ውሃ ገብተን፣
እሷም ቀሚሷን ሰብስባ፣ ቀን ሙሉ ነቅለን ከምረን፣
ወሩ ሳይወጣ ያንኑ ሐምራዊ አበባ ሐይቁ ላይ አገኘን።
ለካ ዘሩ ጭቃው ውስጥ ተኝቷል፤ ቅጠል ስንሸኝ ነው የከረምን።»

ወረድኩ። ከአሳሹ ወጥቼ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጭቃው፣
ከፕሮግራሞቹ መሃል ማንም ስሙን ልብ የማይለው
አንድ «ረዳት» አለ፤ እሱ ነው በየማለዳው የሚዘራው።
ነቀልኩት። አስነሣሁ። ጠበቅን።
ምንም።
ነጭ ገጽ፣ ታንኳ ያልቀዘፈበት የጣና ንጋት።

ሃያ ሁለት ሄዱ። ጥግ ላይ አንዲት ደወል ቀረች፣
በጣም ትንሽ፣ ከሌሎቹ ኋላ ተሸሽጋ የኖረች።
ጫንኳት። በሴት እጅ የተጻፈ አንድ መስመር፦
«ምኔ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት። ዶሮዎቹን ዝጋ። እንዳትረሳ።»

«ዶሮ አለዎት?»
«አንድም። ለፋሲካ ሸጥኳቸው። ማን ይንከባከባቸው?»

ጠቋሚው «አስወግድ» ላይ ነበር። ጣቴ ከብዶ።
«ይቺን ተያት» አሉኝ፣ ድምፃቸው ወርዶ።
«ይቺ ቅጥያ አይደለችም።
ይቺ ግሡ ናት።»

ከፈሉ። መልሱን አልተቀበሉም። ላፕቶፑን ጠቅልለው፣
እንደ ጨቅላ በብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣
ክዳኑን ልዝጋው ብላቸው እምቢ ብለው፣
በር ላይ ቆመው ጎርፉን ሲያዩ፣
ከነጠላው ውስጥ፣ እንደ ጫጩት፣ ደወሏ ጮኸች።

ሰዓቴን አየሁ። አሥራ ሁለት።

መምህር ኮታቸውን ሰበሰቡ፣
ማንንም ሳያዩ «እሺ» አሉ፣
ወደ ዝናቡ ገቡ።