የተመለሰው ከረጢት

ኤቴልቪኖ አንጀት የለውም።
ክንድ ተኩል ቀርቶለታል፤ ሌላው በአንድ ሌሊት ጠቁሮ
ወጣ በሐኪም ቢላዋ፣ ሄደ በሳህን ተሰፍሮ።
"አንጀቴን በላኸው" ልለው፣ ቃሉን መለስኩት ከጉሮሮ።

ከተማው ሴቱባል ነው። ከመስኮቱ ሥር ሳዶ ወንዝ ከባሕር ይገናኛል፣
ጀልባ ይገባል፣ ጀልባ ይወጣል፣ የተጠበሰ ሰርዲን ይሸታል።
እሱ ግን የሚበላው በደም ሥሩ ነው።
ከብረት ዘንግ የተሰቀለ ወተት መሳይ ከረጢት፣
ውስጡ ስኳር፣ ስብ፣ አሚኖ አሲድ፣ ጨው በልኩ፣ ዚንክ በጥቂት።
ቁርስ የለ፣ ምሳ የለ፤ ሃያ አራት ሰዓት አንድ ማዕድ፣
ጠብ፣
ጠብ፣
ያለ ጥርስ፣ ያለ ጣዕም፣ ያለ ዘመድ።

ትእዛዙን ያሰላሁት እኔ ነኝ፤
ለቀን አንድ ሺህ ስምንት መቶ ካሎሪ፣ ከነፊርማዬ።
"ተሰጠ" ይላል ሰንጠረዡ፣ በየዕለቱ፣ በአረንጓዴ ቀለም፤
"ተሰጠ" ማለት ግን "ደረሰ" ማለት አይደለም።
ይህን ያወቅሁት በስድስተኛው ቀን ነው፣
ውሃ ሊጠይቅ እጁን ሲያነሳ
የእጅ ሰዓቱ ከአንጓው ተንሸራቶ ክርኑ ላይ ሲቆም።

ሠላሳ ዓመት የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ወጥ ቤት ነበር።
"ስንት ሰው ታበላ ነበር?" አልኩት፣ ወሬ ለመጀመር።
"አሥራ አንድ። ማዕበል ሲነሣ ዘጠኝ" አለ፣ ሳቅ አለና፤
"ድስቱን አላይም ነበር እኔ። ድስት ይዋሻል።
የማየው ተመልሶ የመጣውን ሳህን ነው፣
ማን እንደራበው እሱ ይነግረኛል።"

በዚያው ሌሊት ወረድኩ፣ ያለቀ ከረጢት የሚጣልበት ክፍል።
ግራሲዬት፣ የሌሊቷ ነርስ፣ "ከቆሻሻ ምን ጠፋብሽ?" አለችኝ።
"ራት" አልኳት።
አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ።

ማክሰኞ ለሲቲ ስካን ሲወስዱት ተነቀለ፤
ኮሪደር ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ተራ ጠበቀ።
ሐሙስ አተኮሰው፤ "ከቱቦው ይሆናል" ተብሎ ቆመ።
ዓርብ መድኃኒቱ ቀደመ፣ አንዲት ደጅ ለሁለት እንግዳ ጠበበች።
ቅዳሜ ፓምፑ ጮኸ፤
አንድ የደከመ እጅ ዝም አሰኘው፣ ማስቀጠሉን ግን ረሳ።
ክፉ ሰው አልነበረም ከመካከላቸው።
እያንዳንዱ ከሰውየው ገበታ ላይ ቆንጠር አድርጎ አለፈ እንጂ።

ከመቶ ሃምሳ ስምንት። ቀሪው ገንዳ ውስጥ ነው።
ዓይናችን እያየ ጠብ ጠብ ሲል ሰነበተ፤
ለኤቴልቪኖ ግን ጠብ አላለለትም።

ወጣቱ ሐኪም ደነገጠና "እጥፍ እናድርግለት!" አለ።
አይሆንም። የከረመ ረኃብ ጎርፍ አይችልም፤
ፎስፎረሱ ከደሙ ይሸሻል፣ ልቡ ምቱን ይስታል።
ቀስ እንበል፤ በየማለዳው ደሙን እንይ።
የተባለው ብቻ፣ እንደተባለ፣ ይድረስ።
ለስካን ሲሄድ የጎደለችው ሰዓት ማታ ትተካ፤
የሚተካት ሰው ስሙ ይጻፍ።

ሚስቱ ዴኦሊንዳ ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች።
በሎሚ የራሰ ጨርቅ ከንፈሩን ታስነካዋለች።
"ጨው ረሳሽ" ይላታል።
"ሠላሳ ዓመት አንተ አብዝተኸዋል" ትለዋለች።

እሑድ ንጋት ላይ የተመለሰው ከረጢት
ከባዶው ክብደት ቢበልጥ በሃያ ግራም ነው።
ከአረንጓዴው "ተሰጠ" አጠገብ በእስክሪብቶ "ደረሰ" ብዬ ጻፍኩ፣
እጄ ለምን እንደተንቀጠቀጠ እንጃ።
ክንዱ ገና ያው ክንድ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሥጋ አይበቅልም።

ከሰዓት በኋላ ሰዓቱን አውልቆ ሰጣት፤
"ውሰጂው፣ ማሰሪያው ላይ አንድ ቀዳዳ ያስበሱልኝ።"
ዴኦሊንዳ ቆዳውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና
መልሳ ክርኑ ላይ አጠለቀችለት።
"አላስበሳም" አለች፤ "ክንድህ ይምጣለት።"