ማን ረገጠው?

ዓይንጋዲ፣ ከተዘጋው አስፋልት ወዲህ፣ ከባሕሩ ዳር፣
ተምሮቹ ራሳቸውን ከጣሉበት አጥር፣
በቆርቆሮ መጋዘን፣ በቀዝቃዛው ክፍል፣
ጭቃ እሰነጥቃለሁ፣ ርዝመቱ እንደ ሽመል፣
በሽቦ፣ ከመሐል።

ከባሕሩ ሆድ ነው፣ በብረት ቱቦ ተስቦ የወጣ፤
ሲከፈት ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣
እንደ ጥልፍ ክር ቀጥ ብሎ የመጣ።

«ነጩ በጋ ነው» አለችኝ ቲርጻ፣ መነጽሯን እያበሰች፣
«ፀሐይ ውኃውን ስትጠጣ ኖራውን ትታው ትሄዳለች።
ጥቁሩ ክረምት ነው። እዚህ ክረምት ማለት አንድ ሌሊት፣
የዓሩጎት ሸለቆ ደፍርሶ የሚመጣበት።
ነጭና ጥቁር ሲደመር፣ አንድ ዓመት።»

ጎርፉን እኔም አይቻለሁ፤
የኅዳር ረቡዕ ነበር፣ ሰማዩ ላይ ደመና ሳይኖር።
ከተራራው ጀርባ የሆነ ቦታ ዘንቦ
መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ ከዚያ አፈር፣
ከዚያ የፍየል በረት በር።
ቋጥኙ ከሸለቆው አፍ ላይ ደክሞት ተቀመጠ፣
ጠጠሩ ጥቂት ተራመደ፣ አሸዋው ትንሽ በለጠ፤
ደቃቁ ብቻ፣ ክብደት የሌለው፣
ባሕሩ መሐል ደርሶ፣ ቀስ ብሎ ሰመጠ።

ግን መሬቱ ባይወርድ፣ ወንዝ ሸክሙን የት ያራግፍ ነበር?
ሞዓብ ወደ ሰሜን፣ እኛ ወደ ደቡብ፣
ጥፍር ከሚያድገው በዘገየ እርምጃ፣
ሁለት በሬ አንድ ጠፍር ለየቅል እንደሚስብ።
መሐሉ ላልቶ ይወርዳል፤
ወንዝ ይሞላዋል፤ ሳይጠግብ ደግሞ ይጎድላል።
ስንጥቁ ከዳናኪል ነው አሉኝ፤ በቀይ ባሕር ሥር
እግሩን እየጎተተ መጣ፣ እኛን ቀድሞ፣
ወረቀት ሳይጠየቅ ከድንበር።

ባለፈው ሐሙስ እናቴን ይዣት መጣሁ።
አንጓች ትባላለች። አገር ቤት ሸክላ ሠሪ፣
ጭቃ ነካሽ ሲሏት፣ ዓይኗን ሲፈሩት፣
ማክሰኞ ገበያ ግን ገንቦዋን ሲሻሙት።
በር ላይ ቆማ አየችው፤ ያ ሁሉ ጭቃ ተደርድሮ፣
ቁጥር ተለጥፎለት፣ ብርድ ተገዝቶለት።
«ጭቃ እንዲህ ይከበራል?» አለች።
ማንም አልመለሰላት።

ያለበሷትን ጓንት አውልቃ ጥፍሯን ሰደደች፣
ቲርጻ «ተዪ!» ሳትል ምላሷ ላይ አኖረች።
ተፋችው። «ጨው በዝቶታል። እሳት አይችልም፤
ይሰነጠቃል። ለገንቦ አይሆንም።»

ከዚያ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።
ከላይ ያለው መስመር ቀጥ ያለ፣ ከታች ያለው ቀጥ ያለ፤
መሐሉ ግን፣ አውራ ጣት የሚያህለው፣
የተጣመመ፣ የተበጠሰ፣ እርስ በርሱ የተጠቀለለ።
«እዚህ ላይስ» አለች፣ «ማን ረገጠው?»

ተረጎምኩላት። ቲርጻ እርሳሷን አስቀመጠች።
«መሬቱ ራሱ። አንድ ጠዋት፣ ቢበዛ አንድ ደቂቃ።
ምናልባት አንድ ከተማ በዚያች ደቂቃ ወደቀች።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች፣
ባለሙያ የሌላውን እጅ ሲመዝን እንደሚያደርገው፤
«አልበሰለም። ጭቃ የሚረገጠው ጠጠሩ ተለቅሞ እስኪያልቅ ነው።
ይሄ ቸኩሏል። አልደገመም።»

ያንን አልተረጎምኩም።
ቲርጻ ግን የገባት ይመስል፣ «ይደግማል» አለች፣ ቀና ሳትል።

ወደ መኪናው ስንመለስ በጉድጓዶቹ አጥር ዞርን፤
ባሕሩ ሲሸሽ ጣፋጭ ውኃ ከሥር ገብቶ
ጨዉን በልቶት፣ መሬቱ አፉን ከፍቶ።
እናቴ ተረከዟን ቀስ አድርጋ ታሳርፍ ነበር፣
ልክ እንደ ሰው ቤት፣
የተኛ እንዳለበት።