አቆራረጥ

በብሩክስ ከተማ፣ በሥጋ ፋብሪካው፣ በሦስተኛው መስመር፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስቆርጥ የኖርኩት ሌላ ነገር ነበር፤
ታፋ ከወገቡ፣ ጅማት ከአጥንቱ፣ ስብ ከሥጋው ለይቼ፣
ስንት በሬ እንዳለፈ በሰዓት በሰዓት መቁጠሩን ትቼ።
አንድ ማክሰኞ ግን
ትከሻዬ ጮኸ፣ እንደ ደረቅ ማገር።
ቢላዋው ወደቀ፤ መስመሩ አልቆመም፤
እኔ ነኝ የቆምኩት።

ቀዶ ጥገና። ከዚያ ብርቱካናማ ጠርሙስ፣
ክዳኑ የሚያስቸግር፣
ባንትይርጋ የሚል ስሜ ተጽፎበት፣ ሁለት ፊደል ጎድሎት።
ሕመሙ ሄደና ክኒኑ ግን ቀረ፤
እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤት ሆኖ አደረ።

ሁለት ዓመት።
ሰዓት ማየት ተውኩ፤ አጥንቴ ሰዓት ሆነ።
ፍሬዋ ስትዘገይ ዓይኔ ሳያዝን ያነባል፣
መንጋጋዬ እስኪላቀቅ ያዛጋኛል፣
ሰው ሲያየኝ እንቅልፍ ይመስለዋል።

በየካቲት ውርጭ እልህ ያዘኝ፤
“ወንድ አይደለሁ?” ብዬ በአንድ ቀን ልተወው።
በሁለተኛው ሌሊት ላቤ ፍራሹን አልፎ ወለል ደረሰ፤
ቆዳዬ እንደ ተነጨ ዶሮ፣ ሆዴ እንደ ተቀደደ ስልቻ፤
እግሮቼም የእኔ አልነበሩም፦
የቆረጥኳቸው በሬዎች ሁሉ
ከጉልበቴ በታች ተሰብስበው ይራገጡ ጀመር።
በሦስተኛው ቀን የደበቅኩትን ጠርሙስ
በጥርሴ ከፈትኩት።
አልዋሽም።

ሮዌና፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣
እናቷ በእኛው ፋብሪካ አራተኛው መስመር ላይ ያረጀች፣
አልደነገጠችም።
“ሱሰኛ” የሚለውን ቃል እኔ ጠራሁት፤ እሷ አላነሳችውም።
“ሰውነትህ ለምዶታል” አለች፤ “የለመደውን በአንዴ አይነጥቁትም።
ከሐኪምህ ጋር ሆነን በዝግታ እናወርድሃለን።
ሲከብድህ እርከኑ ላይ ተቀመጥ፤
መቀመጥ መውደቅ አይደለም።”
ከዚያ ምላጭ ያለባት ሰማያዊ ሳጥን ሰጠችኝ፣
የክኒን መቁረጫ።
“ለእኔ? መቁረጥ ልታስተምሪኝ?”
ሳቅን።

በሬ የበለተ እጅ ፍሬ መቁረጥ ከበደው፤
እያላበ ጣቴ፣ ግማሽን ከግማሽ ማስተካከል አቃተው።

ሙሉጎጃም አንድ ሌሊት የእግሬን ርግጫ አይታ
አሥራ ስምንት ኪሎ ሩዝ፣ ከነጆንያው፣
ቅልጥሜ ላይ አጋደመችብኝ።
“እሱ ይጠብቅህ” ብላ
ወደ ፈረቃዋ ሄደች።
አይታመንም፤ በሬዎቹ ተኙ።

በግንቦት ስድስቱ አምስት ተኩል፣ በሐምሌ አምስት ሆነ።
በነሐሴ ትከሻዬ ተመለሰብኝ፤
እስከ ጥቅምት እዚያው እርከን ላይ ተቀመጥኩ፣
እያፈርኩ፣ ግን ተቀመጥኩ።

በኅዳር ዲሪዬ ደወለ፣ ከመስመሩ፦
“ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። የተረፈህ ክኒን ይኖራል?”
ጠርሙሱን አየሁት።
ያን ዝምታ ምን ያህል እንደረዘመ እሱ ያውቃል።
“ክኒኑን አልሰጥህም” አልኩት፤ “ሮዌናን እሰጥሃለሁ።
ነገ በዘጠኝ ሰዓት፣ በሩ ላይ።”
ስልኩን ዘጋብኝ።
በዘጠኝ ሰዓት ግን በሩ ላይ ነበር፣
እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ።

ወዳጆቼ ይጠይቁኛል፦ “መቼ ትጨርሳለህ? ቀን ቁረጥ እንጂ!”
ቋንቋችን ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አበጀ፤
ሥጋም ይቆረጣል፣ ቀንም ይቆረጣል፣
ሰው ሲደክመው ደግሞ ተስፋም ይቆረጣል።
እኔ ቀን አልቆረጥኩም።
ትናንት ማታ፣ በረዶው ሲጥል፣ ሩቧን ቆረጥኩ።
ምላጩ ላይ የቀረው ብናኝ አየኝ፤ አየሁት፤
እጄን ታጠብኩ።

እግሬ ላይ ያለው ሩዝ ዘጠኝ ኪሎ ቢቀረው ነው።
ሙሉጎጃም ሳትነግረኝ
ከላይ ከላይ እየዘገነች
ትቀቅለው ይዛለች።