ባሕሩ እስኪረጋ

ነሐሴ ነው፤ ነቲቮት ትነድዳለች፣
ድመቷ ከቆመ መኪና ሥር ሆዷን ዘርግታ ታለከልካለች።
እናቴ ዳሳሽ እግሯን ባልዲ ውስጥ ነክራ
ዓይኗን ጨፍና ትጠይቀኛለች፦
«እሺ ትርፌ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ከስክሰሽ ምን አየሽ?» ትላለች።

ዘጠኝ ዓመት ነው የቆጠብኩት። አሽዶድ፣ ወደቡ ዳር፣
«ሃያ ከዜሮ በታች» ከሚል የብረት በር
ገብቼ የዓሣ ሣጥን ስደረድር፣
አመዳይ ከቅንድቤ ስጠርግ፣ ትንፋሼ ሲያጥር፣
«ይህን ብርድ አገሩ ሄጄ ባየው» እል ነበር።
ቪክቶር አለቃዬ ሳቀብኝ፦
«ሰው ከብርድ ይሸሻል፤ አንቺ ከፍለሽ ትሄጃለሽ?»
ምን ልበለው? እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ሁለት ሌሊት በባቡር። ዛፉ እያደር አጠረ፣
የልጅ ቁመት አከለ፣ ኋላም ጭራሽ ቀረ።
ከተማው አንድ መንገድ፣ አንድ ሱቅ፣ ብዙ ነፋስ፤
ባሕሩ ገና ውሃ ነው፣ ገና አልረጋም።
ድቦቹም ዳር ዳሩን ይመላለሳሉ፣
ከሐምሌ ወዲህ ሆዳቸው ባዶ ነው፣
ባሕሩ እስኪረጋ ይጠብቃሉ።

እማ፣ እዚያ አገር ቤት አይቆለፍም፣
መኪናም አይቆለፍም።
ድብ ያባረረው ሰው በር አያንኳኳም፤
ያገኘው ቤት ይገባል፣ ጫማም አያወልቅም።
«እንደኛው ነዋ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣
«ሳይረን ሲጮህ እንደኛው።»

እውነቷን ነው። ያን ሰሞን
ሳሙና ጸጉሬ ላይ እንዳለ በፎጣ ወጥቼ
ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ከማላውቀው ሰው መጠለያ ገብቼ፣
አንዲት ሞሮኳዊት በቀሚሷ ጫፍ
ዓይኔን ስትጠርግልኝ፣
ስሟን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

«ድቡንስ?»
አየሁት እንጂ፣ በሦስተኛው ቀን።
ነጭ አይደለም እኮ! ያደረ ቅቤ ነው የሚመስለው።
መጣ፣ መጣና በሁለት እግሩ ቆመ፣
መዳፉን ከአውቶቡሱ መስኮት፣ ከፊቴ አስቀመጠ።
እሱ ከውጭ ተነፈሰ፣ እኔ ከውስጥ፤
መስታወቱ በሁለታችን ትንፋሽ ተሸፈነ፣
ምንም አልታየኝም።
ሠላሳ ሰው ነበርን። እኔን መርጦ ለምን መጣ?
ዘጠኝ ዓመት በሳሙና ያልለቀቀኝ
የዓሣ ሽታ ይሆን የጠራው?
እናቴ ሳቀች፤ የባልዲው ውሃ ተናወጠ።

ሌላም አየሁ።
ከተማ የገባ ድብ ይታሰራል፤
ትልቅ መጋዘን አላቸው፣ ውሃ እንጂ ምግብ የለም፣
እንዳይለምድ ነው አሉን።
ቀኑ ሲደርስ በመርፌ ያስተኙታል፣
በመረብ ጠቅልለው
በሄሊኮፕተር አንጠልጥለው ይወስዱታል፣
ሰው ወደሌለበት፣ ወደ ሰሜን።
ሲነሣ አየሁት። አንድ እጁ ከመረቡ ወጥቶ
በነፋሱ ይወዛወዝ ነበር፣ የተኛ ሕፃን እጅ ይመስል።
ጆሮው ላይ ቁጥር አለ።

እዚህ ላይ ዝም አልኩ።
እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

ስድስት ዓመቴ ነበር። ወንበሩ የተነቀለ አውሮፕላን፣
ወለሉ ላይ ሰው በሰው ላይ፣
እኔ ጭኗ ላይ፣ ግንባሬ ላይ ቁጥር ተለጥፎ።
ስንት እንደነበር የምታውቀው እሷ ናት፤
ብዙ ጊዜ ጠይቄያት አልነገረችኝም።

«ሲነቃስ ምን አደረገ?» አለች።
«እሱን አላሳዩንም።»
ብዙ ቆየች። መንገዱ ላይ አውቶቡስ አለፈ፣
የጎረቤት ቴሌቪዥን ጮኸ፣ ተዘጋ።
«አንቺ ስትነቂ» አለች፣ «አላለቀስሽም።
ጫማዬ የታለ አልሽኝ።
አንደኛው የለም ነበር።
አንዱን አድርገሽ ወረድሽ፣ በአንድ እግርሽ እየዘለልሽ።»

ይህን ነግራኝ አታውቅም።
ተነሥቼ ከፍሪጁ በረዶ አመጣሁ፣
ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩት፤
እግሯን ሰብስባ «ኡፍ!» አለች፣ መልሳ ነከረችው።

«ባሕሩስ? ረጋላቸው?»
«እኔ እስክመለስ አልረጋም ነበር፣ እማ።»
ጎንበስ ብላ አየች፤
ቁራጮቹ ከቁርጭምጭሚቷ እየተጋጩ
ቀጭ፣ ቀጭ አሉ፣
እያነሱ ሄዱ።